ውሃ ያዘለ ጣሪያ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ባለቤቴ ናት። ብስጭትህን እኔ ላይ ከምታራግፍ ወረቀት ላይ አራግፈው አለችኝ። ብስጭት የለብኝም። የመዋቅር መሐንዲስ ነኝ፤ ሥራዬ ሌላው ሰው ሳያስብ እንዲቀመጥ አስቀድሞ ክፉ ክፉውን ማሰብ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ክፉ ክፉውን ሳስብ ኖሬ እስካሁን አንድም ሕንፃ አልወደቀብኝም።

ዛሬ ደግሞ ደስ የሚል ወሬ አለ። ከስድስት ዓመት በፊት ያቆምነው የቤተ መጻሕፍቱ የንባብ አዳራሽ ለሽልማት ተመረጠ። ሥነ ሥርዓቱ ክረምቱ ሲወጣ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ይሆናል፤ አራት መቶ እንግዳ ይጠራል። አርክቴክቱ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። አማቼ መልኩን ሰጠው፣ እኔ አጥንቱን። ሽልማቱ ላይ የማን ስም ጎልቶ እንደሚጻፍ መገመት አያስቸግርም። አጥንት ፎቶ የሚነሳው ሲሰበር ብቻ ነው። ቅናት አይደለም፤ እንዲያው ለማለት ያህል ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 7

የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ጣለ። ከቤተ መጻሕፍቱ ተደወለ። የደወለችው የጽዳትና የጥገና ኃላፊዋ ናት፤ የሕንፃው ቁልፍ ሁሉ ወገቧ ላይ ስለሚንጠለጠል ሁሉም ሰው ባለቁልፏ ይላታል። ዝናቡ ሲጠነክር የአዳራሹ የኋላ በር አልከፈት እንዳለ፣ ሲያባራ ደግሞ ማንም ሳይነካው እንደላላ ነገረችኝ። እንጨት እርጥበት ሲነካው ያብጣል ብዬ አስረዳኋት።

«በሩ እኮ አልሙኒየም ነው፣ ኢንጂነር።»

ቅባት ቀቢው አልኳት። እሺ አለች። ሰው ሲያምንህም እሺ ይላል፣ ሲታዘብህም እሺ ይላል።

ሰኞ፣ ሰኔ 10

ለጀማሪ መሐንዲሶች የምሰጠው ኮርስ ተጀመረ። ርእሱ ሕንፃ ከባድ ጭነትን እንዴት ይችላል የሚል ነው። ሕንፃ የሚሠራው ለአዘቦት ቀን አይደለም አልኳቸው፤ አዘቦቱንማ ጎጆም ይችለዋል። የሚሠራው በሃምሳ ዓመት አንዴ ለሚመጣው ነፋስ፣ ለመሬት መንቀጥቀጡ፣ ሰው ሁሉ አንድ ጥግ ለሚታጎርበት ቀን ነው። ማንኛውም ጭነት እስከ መሬት የሚወርድበት መንገድ ይፈልጋል፤ አንዱ መንገድ ቢዘጋ ሌላ መኖር አለበት። ከሁሉም በላይ መዋቅር ከመሰበሩ በፊት መጉበጥ አለበት። ሲጎብጥ ይታያል፣ ይንቋቋል፣ ይሰነጠቃል፤ ሰው ለመውጣት ጊዜ ያገኛል።

«ጥሩ ሕንፃ ሳይናገር አይወድቅም» አልኩ። ሁሉም ጻፉት።

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ተናግሮ የሚሰማው ቢያጣስ ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያ ኮርሱ ውስጥ የለም አልኳት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 19

የአዳራሹን ፋይል ከመደርደሪያ አወረድኩ። አቧራውን ለማራገፍ ነው። ካወረድኩት አይቀር ብዬ ገለጥ ገለጥ አደረግኩት።

ጣሪያው ሃያ አራት ሜትር ያለ ምሰሶ ይሻገራል፤ የሚሸከሙት የብረት አግዳሚዎች ናቸው። ላዩ ዝርግ ነው፤ ዙሪያውን አርባ ሳንቲሜትር ቁመት ያለው የጠርዝ ግንብ አለው። ውሃው በአራት ቱቦ ይወርዳል። በመጀመሪያው ንድፌ ላይ ግን ከግንቡ ሥር ስምንት ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ቱቦዎቹ ቢደፈኑ ትርፉ ውሃ በእነሱ በኩል ወደ ውጭ እንዲፈስ። አማቼ አልወደዳቸውም። አፍንጫ ይመስላሉ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የሕንፃዬ ፊት ንፍጡን ሊያዝረበርብ ነው አለ። ይቅሩ የሚለው ደብዳቤው ፋይሉ ውስጥ አለ። ከሥሩ በእኔ እጅ ጽሑፍ፦ «ቱቦዎቹ በየጊዜው የሚጸዱ ከሆነ ተስማምቻለሁ።» ፊርማ። የፈረምኩት አማቶቼ ቤት ምሳ ላይ ነው፣ ሳህኔን ገፋ አድርጌ። ጥጉ ላይ የዘይት ነጠብጣብ አለ።

ከዚያ ትንሽ አሰላሁ። አሥር ሳንቲሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር መቶ ኪሎ ነው። ጣሪያው ከራሱ ክብደት በላይ እንዲሸከም የታሰበው ይህንኑ መቶ ኪሎ ነው፤ መጠባበቂያ አለው፣ ግን አራት እጥፍ የሚሆን መጠባበቂያ የለውም። ግንቡ የሚያቁረው አርባ ሳንቲሜትር ነው። ውሃ ደግሞ እንደ አሸዋ ባፈሰሱት ቦታ አይቀመጥም። አግዳሚው ሲጎብጥ መሃሉ ይሰረጉዳል፣ ጎድጓዳው ሌላ ውሃ ይጠራል፣ የተጠራው ውሃ ይበልጥ ያጎብጠዋል። የኋላው በር ያለው ከመካከለኛው አግዳሚ ሥር ነው፤ አግዳሚው ሲጎብጥ የበሩን መቃን ይጫነዋል።

ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ማባዛት አልረሳሁም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 20

ዝናብ። ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ውሃው ስድስት ሳንቲሜትር። ከአራቱ ቱቦ ሁለቱ ድፍን፤ ቅጠል፣ ላስቲክ፣ የወፍ ጎጆ። በእጄ ጠረግኩ። ባለቁልፏ ጃንጥላ ያዘችልኝ። የተለመደ ምርመራ ነው አልኳት። በስድስት ዓመት አንዴ ነው የሚለመደው? አለች። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ በሰበሰ።

ሰኞ፣ ሰኔ 24

ልጄ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ደርሶባታል። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ጠዋት ወጥታ አዳራሹ ውስጥ ስታጠና ትውላለች። ከዛሬ ጀምሮ ቤት እንድታጠና ነገርኳት። ምክንያቶቼ ግልጽ ናቸው፤ ጉንፋን ገብቷል፣ አውቶቡስ ይጨናነቃል፣ እዚያ ወሬ ይበዛል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ምን ወሬ አለ አለችኝ። ሹክሹክታ ከጩኸት ይበልጥ ያዘናጋል አልኳት። የራሴን ጠረጴዛ ለቀቅኩላት። አባት ማለት ይህ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 11

በሦስት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ጣሪያ ላይ ወጥቻለሁ። የልጄን ማስመሪያ ይዤ እሄዳለሁ። አራት፣ ሰባት፣ አምስት፣ ስምንት። አሥር አልሞላም። ለጤናም ጥሩ ነው፤ ሐኪሜ ደረጃ ውጣ ብሎኝ ነበር።

ባለቤቴ ሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ሥርዓት ያለው ነገር አያመልጣትም። የምጠፋው ዝናብ ሲዘንብ ብቻ መሆኑን ደርሳበታለች። ደመና ባየህ ቁጥር ጫማህን ትፈልጋለህ አለችኝ። እራት ላይ ልጅቷ ስትነሳ ጠብቃ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ሴት አለች?»

የለችም አልኳት። እውነት ነው። ጃንጥላ የምትይዝልኝ አንዲት ሴት እንዳለች ለመጨመር ሰዓቱ አልመሰለኝም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 20

አማቼን ቢሮው ሄጄ አነጋገርኩት። ግድግዳው ላይ የአዳራሹ ፎቶ በትልቁ ተሰቅሏል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ስለ ውሃው፣ ስለ በሩ፣ ስለ ስሌቴ ነገርኩት። ጥሩ አድርጎ ሰማኝ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ስድስት ክረምት የቆመ ጣሪያ ሰባተኛውን ምን ይለዋል አለኝ። እኔ አንተን እህቴን ለጋብቻ ከጠየቅህ ጀምሮ አውቅሃለሁ፣ የወንበር እግር ሳትነቀንቅ ቁጭ ብለህ አታውቅም አለ። ሽልማቱ ይለፍና ቀዳዳ በሽ በሽ እናደርገዋለን፣ ወንፊት ይሁንልህ ከፈለግህ።

ሽልማቱ የሚያልፈው መስከረም ነው። መስከረም ዝናብ የለም። ሐሳቡ ግን ምክንያታዊ ሆኖ አገኘሁት። ሰው ሲናገር መስማት እችላለሁ፤ ብዙ መሐንዲስ ይህ ይጎድለዋል።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7

ዛሬ የሆነውን እንዳለ ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፣ ሄድኩ። ውሃው ዘጠኝ ሳንቲሜትር ደርሶ ነበር። ጠርጌ ስወርድ በመስታወቱ በኩል ወደ አዳራሹ ዓይኔን ጣል አደረግኩ። ልጄ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ከቤት ስወጣ ጠብቃ መምጣቷ ነው፤ ለካ ይህን ከጀመረች ሰንብታለች። ከጎኗ ጓደኛዋ አለች፣ የልብስ ሰፊው ልጅ። ሁለቱ አንድ መጽሐፍ ላይ አቀርቅረዋል። በላያቸው መካከለኛው አግዳሚ አለ።

እንዴት እንደገባሁ አላስታውስም። ክንዷን ይዤ አወጣኋት፤ መጽሐፏ እዚያው ቀረ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። ከራስ ጠጉሬ እስከ ጫማዬ እየተንጠባጠብኩ ነበር። አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ደረስን። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ ጭራሽ እንደ ትልቅ ሰው በእርጋታ ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ ጣሪያው ችግር አለበት?»

የለበትም አልኳት። ወደ አዳራሹ ዞር ብላ አየች።

«እኔን አወጣኸኝ። እሷንስ ማን ያውጣት? አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ በምን ያውቃል?»

አውቶቡሱ መጣ። ተሳፈርን። ጓደኛዋ እስከ ማታ እዚያው እንደዋለች ልጄ ስትደውልላት ሰማሁ። ዘጠኝ ሳንቲሜትር አሥር አይደለም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ብነግረውም አልሰማኝ አለ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9

ለቤተ መጻሕፍቱ ዳይሬክተር አዳራሹ ይዘጋ ልለው ሄድኩ። ጨዋ ሰው ነው። ሻይ አስመጣልኝ፤ ሽልማቱ ሊሰጥ ወር ሲቀረው አዳራሽ መዝጋት ከባድ እንደሆነ፣ ሆኖም የባለሙያ ቃል እንደሚያከብር ነገረኝ። በጽሑፍ ያምጡልኝ አለኝ።

ቢሮዬ ገብቼ ጻፍኩ። በመጀመሪያው ረቂቅ «አዳራሹ ዛሬውኑ ካልተዘጋ ጣሪያው ይወድቃል» የሚል ነበረበት። በጣም ጠነከረ። በሁለተኛው «ሊወድቅ የሚችልበት ሁኔታ አለ» አልኩ። ሲነበብ ሁኔታውን ማን ፈጠረው የሚያሰኝ ሆነብኝ። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ «በዝናብ ወቅት የጣሪያው የውሃ መውረጃ ልዩ ክትትል ቢደረግለት መልካም ነው።» ሦስተኛውን ላክሁ። ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ ደውሎ አመሰገነኝ። አስደንግጠውኝ ነበር እኮ አለ፣ እንዲህ ቀላል ከሆነማ።

ተናገርኩ፤ አልተናገርኩም አይባልም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 18

ልብሴን ሳልቀይር ነው የምጽፈው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረዶ መጣ። ዝናብ አይደለም፣ በረዶ፣ የእህል ያህል ጀምሮ የለውዝ ያህል የሆነ። በረዶ ቱቦ አፍ ላይ ሲከመር እንደ ቡሽ ይደፍነዋል፤ ከላይ የሚወርደው ዝናብ መሄጃ ያጣል። ይህን በየዓመቱ አስተምራለሁ። ጫማዬን ሳጠልቅ ስልኩ ጮኸ። ባለቁልፏ ናት።

«ኢንጂነር፣ የኋላው በር ብቻ አይደለም። የጎኑም እንቢ አለ። መብራቶቹ ወርደዋል መሰለኝ፤ ወይ ዓይኔ ነው።»

ዓይንሽ አይደለም አልኳት። ሰው አስወጪ አልኳት። ይህን ለማለት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

ስደርስ መቶ ዘጠና ሰው ውስጥ ነበር። ዳይሬክተሩ ቅዳሜ አይገባም። የንባብ ክፍሉ ተረኛ፣ በማን ትእዛዝ ነው በዚህ በረዶ ሰው የማስወጣው ብሎ ደብዳቤ ጠየቀኝ። ደብዳቤዬን ያስታውሳል፤ «ክትትል ቢደረግ መልካም ነው» ነው የሚለው። ባለቁልፏ ክርክራችንን አላዳመጠችም። ከቁልፎቿ አንዱን መርጣ ሳጥኑን ከፈተችና የእሳት ደወሉን ደወለች፤ ሁሉም በዋናው በር ወጡ። ሰው እሳት ሲባል ይሮጣል። ውሃ ቢባል ጃንጥላውን ይፈልግ ነበር።

ጣሪያው ላይ መውጣት አልቻልኩም፤ እኔም ጭነት ነኝ። ረጅሙን መሰላል ከውጭ አስደግፌ ከመሣሪያ ክፍሉ ትልቁን መዶሻ ይዤ ወጣሁ። ግንቡ ቀጭን ብሎኬት ነው። በረዶው ፊቴን ይገርፈኛል፣ መሰላሉ ይንሸራተታል። ሦስተኛው ምት ላይ መሰላሉ ቀጥ አለ። ቁልቁል አየሁ። ባለቤቴ ናት። በታክሲ ተከትላኝ ነው፤ ከሴት ጋር ልትይዘኝ መጥታ ከግንብ ጋር ያዘችኝ። ጫማዋ ውሃ ውስጥ ነው። መሰላሉን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ምታ» አለችኝ።

ሦስት ቀዳዳ ከፈትኩ። ውሃው እንደ ክንድ ወፍሮ እየተወረወረ ወጣ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አላቋረጠም። ውስጥ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ጮኸ፣ እንደ ትልቅ የበር ማጠፊያ። ከዚያ ዝም አለ።

አልወደቀም።

እሑድ፣ ነሐሴ 19

ፖሊስ ጣቢያ ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ። የሕዝብ ንብረት ማፍረስ። ቃሌን የተቀበለው መርማሪ፣ ጣሪያው ወድቋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልወደቀም አልኩ። ታዲያ ግንቡን ለምን መቱት አለ። እንዳይወድቅ አልኩ። አልወደቀም እኮ አለኝ በትዕግሥት። ሁለታችንም ልክ ነበርን።

አማቼ ደውሎ ባለቤቴን አነጋገራት፤ እኔን አልፈለገም። የሕንፃውን ፊት በመዶሻ ያበላሸው ባልሽ አእምሮው ተነክቷል፣ ሐኪም አሳዪው አላት። እሷ ስትመልስ ሰማሁ። ወንድሜ፣ መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ አለችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ሴት ቢሆን ይቀለኝ ነበር አለችኝ። ቀልድ ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 28

የሙያ ቦርዱ የላካቸው ሦስት መሐንዲሶች አዳራሹን ለኩት። መካከለኛው አግዳሚ ሰባት ሳንቲሜትር ጎብጦ ቀርቷል፤ ከእንግዲህ አይቀናም። ቀዳዳዎቹ ባይከፈቱ ግማሽ ሰዓት ባልቆየ ነበር ብለው ጻፉ። በአንድ ቀን ውስጥ ከእብድ ወደ ጀግና ተሸጋገርኩ። ኮርሱ ላይ ጀማሪዎቹ ሲያዩኝ ተነስተው አጨበጨቡ፤ ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ሴት ብቻ ቁጭ ብላ ታየኝ ነበር። ፖሊስ ክሱን ተወው። ዳይሬክተሩ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ። አዳራሹ ለጥገና ተዘጋ፤ ሽልማቱ ለአንድ የመኪና ማቆሚያ ተሰጠ።

ምቾት ይሰማኛል ብዬ ነበር። ምግብ አልበላ አለኝ።

ዓርብ፣ መስከረም 10

የቦርዱ ስብሰባ። ሰባት ሰው፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ለያንዳንዱ አንድ ጠርሙስ ውሃ። ሰብሳቢዋ ያሰናዱትን ሪፖርት አነበበችልኝ። ቀዳዳዎቹ እንዲቀሩ ያሳሰበው አርክቴክቱ ነው፤ መሐንዲሱ ጽዳቱን ቅድመ ሁኔታ አድርጎ ነው የተስማማው፤ ጽዳቱን የዘነጋው ቤተ መጻሕፍቱ ነው፤ መሐንዲሱ አስቀድሞ በደብዳቤ አስጠንቅቋል፤ በአደጋው ቀን የመቶ ዘጠና ሰው ሕይወት አትርፏል። የምስጋና ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ ሐሳብ ቀርቧል። የሚጨምሩት ካለ አለችኝ።

ለአፍታ ምንም የለኝም ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

አለ አልኩ። ሰኔ አሥራ ዘጠኝ ስሌቱን ሠርቼ እንዳወቅሁ፤ ሰኔ ሃያ አራት ልጄን ከአዳራሹ እንደከለከልኩ፤ እስከ ነሐሴ አሥራ ስምንት የሌላው ሰው ልጅ እዚያ ሲቀመጥ ከላይ ሆኜ በማስመሪያ ውሃ ስለካ እንደከረምኩ ነገርኳቸው። ሦስቱንም ረቂቆች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አንዱ የቦርድ አባል እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሰብሳቢዋ ረቂቆቹን አንድ በአንድ አንብባ፣ መነጽሯን አወለቀች።

«ይህን ባይነግሩን እኮ አንጠይቅዎትም ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

ፈቃዴ ለሁለት ዓመት ታገደ። ኮሪደሩ ላይ ባለቤቴና ልጄ ይጠብቁኝ ነበር። ነገርኳቸው። ልጄ ቦርሳዬን ተቀበለችኝ፤ ከባድ ነው ብላ።

ሰኞ፣ መስከረም 27

ሥራ የሌለው መሐንዲስ ምን ይሠራል? ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል። አማቼ ብቻ አይጠይቀኝም፤ አሁንም አያነጋግረኝም። ዛሬ ጠዋት የድሮ ሥራዎቼን ዝርዝር አውጥቼ፣ ዝርግ ጣሪያ ያላቸውን ለየሁ፤ አሥራ አንድ ናቸው። መጀመሪያ ወደሚቀርበኝ ሄድኩ። ዳቦ ቤት ነው፤ የሠራሁት ገና ጀማሪ ሳለሁ ነው።

ባለቤቱ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ወጣ። ማን ልኮህ ነው አለኝ። ማንም አልኩት። ፈቃድ አለህ አለ። የለኝም፣ ታግጃለሁ አልኩት። በምን አለ። ነገርኩት፤ በሩ ላይ ቆመን፣ ደንበኛ በመካከላችን እየገባ እየወጣ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ሰምቶ ሲያበቃ ደረጃው በጓሮ ነው አለኝ።

አንድ ሰዓት ቆየሁ። ቱቦዎቹን በእጄ ፈተሽኩ፣ ግንቡን ዞርኩት፣ የስንጥቁን ስፋት ለካሁ፤ ስንጥቁ የልስን ነው። ምንም ችግር አላገኘሁም። ወርጄ ይህንኑ በአንድ ወረቀት ጻፍኩለትና ፈረምኩ። ከዚያ ደግሞ ይህ ፊርማ አሁን ምንም ዋጋ እንደሌለው፣ የትም ቢያሳየው እንደማይቀበሉት አስረዳሁት።

ወረቀቱን አጣጥፎ የሽርጡ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ግድ የለም» አለ። «ወጥተህ አይተኸዋል።»